የፈርዳ ሙካ ወገኖች

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ላይ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ እናቴ የቆጠረችው ልክ ከሆነ። ነገሩን ያመጣብኝ የግራሶ ሽታ ነው። አሁን ሥራ ስለሌለኝ ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ እውላለሁ፤ ፊት ለፊቴ የባጃጅ መጠገኛ አለ። ልጆቹ ጎማ ፈትተው ኩሽኔታውን በግራሶ ሲያሹት ያ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። ሲመጣ እኔ እዚህ የለሁም። አዌቱ ዳር፣ ሸራው ሥር፣ የሰርቦ ፈረስ ላይ ነኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ጎልምሼ። ሆሄ ብስት ዝም ብለህ እለፈኝ። ነገሩን ግን አልስትም።

ያኔ ከከተማችን ገበያ፣ ከመርካቶ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ ሲወረድ ቤት ያልተሠራበት ሜዳ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ካሶኒ ሠሪ፣ ማለት ለጭነት መኪና የእንጨት ሳጥን የሚሠራ አናጢ፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ካሚዮን ላይ የኋላ ዘንጉን ከነኩሽኔታው ነቅሎ አመጣና መሬት ውስጥ አቆመው። በላዩ ላይ እንደ ጃንጥላ አጥንት ወራጅ እንጨት ዘረጋ። ከወራጆቹ ላይ ፈረሶች አንጠለጠለ፤ ከዋንዛ የተጠረቡ፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ። አናቱን በሸራ ሸፈነው። መሐል ላይ አንዲት ዳለቻ በቅሎ ጠመደ። በቅሎዋ ስትዞር ፈረሶቹ ይዞራሉ። እሱ ልጓሟን ይዞ አብሯት ይዞራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ ዥዋዥዌ ጨመረ። ከዚያ ደግሞ ጭቃ ለጥፎ ዋሻ ሠራና ውስጡ የጠርሙስ ዓይን ያለው የእንጨት ጅብ አስቀመጠ፤ ትልልቅ ሴቶች ሳይቀሩ በዚህ ገብተው እየጮኹ በዚያ ይወጡ ነበር። የገጠሩ ሰው ቦታውን "ፈርዳ ሙካ" አለው፤ በኦሮምኛ የእንጨት ፈረስ ማለት ነው። ከተሜውም ስሙን ተቀበለ።

ግን ሰውን ያሳበደው ሌላ ነው። ካሶኒ ሠሪው ለያንዳንዱ ፈረስ የቡና አገር ስም ሰጥቶት ነበር። አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ፣ ሸቤ፣ ሰኮሩ፣ ሰርቦ። በቃ! ቡናውን ሸጦ የመጣ ሁሉ የአገሩን ፈረስ ይፈልጋል። የጌራን ሰው ሰኮሩ ላይ ውጣ ብትለው አይወጣም፤ ቆሞ የጌራን ፈረስ ይጠብቃል። ስንቱ ሽማግሌ ቡሉኮውን ሰብስቦ፣ ከዘራውን ለልጁ አስይዞ፣ እንጨት ላይ ተቀምጦ እንደ ባላባት ሲዞር አይቻለሁ።

ጠቡም የመጣው ከዚያ ነው። ማን ይቀድማል? አጋሮዎች የምንመራው እኛ ነን ይላሉ፣ ሊሙዎች የለም እኛ ነን ይላሉ። ክብ ላይ እኮ ነው፣ አስበው! አንድ የገበያ ቀን ዱላ ሊማዘዙ ሆነ። ካሶኒ ሠሪው በቅሎዋን አቆመ፣ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

"ወንድሞቼ፣ እኔ ከመሐል ሆኜ ሳያችሁ ሁላችሁም የፊተኛችሁን ጭራ ነው የምታዩት" አለ።

ሰው ሳቀ። ጠቡ ግን አልቀረም። ጠቡንም ወደነው ነበር።

እኔ ቡና መቀሸሪያ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ገለባው አንገቴ ላይ እንደተለጠፈ ወደዚያ ነው። አርብ ከጁምዓ መልስ ወደዚያ ነው። እኩዮቼ ኳስ ሲሉ፣ እኛ ጥቂቶች ፈርዳ ሙካ እንላለን። የቱ ፈረስ ዝናብ ሲነካው እንደሚያብጥ፣ የቱ ወራጅ እንደሚያቃስት እናውቃለን። መርካቶ ቆመን የዘንጉን ድምፅ ሰምተን፣ "ዛሬ ግራሶ አልቀባውም" እንባባላለን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሸራው ቀዳዳ ትገባና በሚዞሩት ፈረሶች ጀርባ ላይ እንደ ነብር ነጥብ ትሮጣለች። ያቺን ሰዓት ማናችንም አናሳልፋትም። የበቅሎዋ ላብ፣ የቀለሙ ሽታ፣ ግራሶው። ሽቶ እንደዚያ አይሸተኝም።

ደግሞ የእጁን ምልክት እናውቃለን። ካሶኒ ሠሪው የጠረበው እንጨት ሁሉ ጠርዙ ላይ በመሮ ትንሽ ጎድጎድ ተደርጎ፣ በሰም ይታሻል፤ አውራ ጣት ልክ ገብታ የምታርፍበት። የልጅ እጅ ስንጥር እንዳይወጋው ብሎ ነው። "የአውራ ጣት ቦታ" እንለው ነበር። እንጨት አምጥተህ ዓይኔን ብታስረኝ፣ የሱ ይሁን የሌላ በጣቴ እነግርሃለሁ።

ከኛ ሁሉ የባሰው ልብስ ሰፊው ነው፤ የአጋሮ ልጅ፣ ጓደኛዬ። የኔ አገር የሰርቦ ፈረስ አንድ ጆሮው ተሰብሮ ስለነበር አፉ አያርፍም።

"ሰርቦዬ፣ ፈረስህ ጆሮ የለውም። አንተም የማትሰማው ለዚህ ነው።"

"አንዱ ይበቃዋል" እለዋለሁ። "የአጋሮን ወሬ በሁለት ጆሮ የሚሰማ እብድ ነው።"

ስለ ሰውየው ያላወራነው የለም። ልብስ ሰፊው "አስመራ አይቶት ነው" ይላል። አንዱ "ጣሊያን አስተምሮት ነው" ይላል። እኔ ከራሱ ጭንቅላት ነው ባይ ነኝ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። እሱን ስንጠይቀው "አየሁ፣ ሠራሁ" ነው መልሱ፤ የት እንዳየ አይነግርህም። ከሁሉ በላይ ያከበርንለት ግን ልጓሙን ለሰው አለመስጠቱን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ራሱ ከበቅሎዋ ጋር ይዞራል። "የእጁን ሥራ ለባዕድ አሳልፎ አይሰጥም፣ ጌታ ማለት እንዲህ ነው" እንል ነበር። የመቀሸሪያው ካፖ አንድ ቀን "ያ ከበቅሎ ጋር የሚዞረው በቅሎ" ብሎ ቢያሾፍ ጆንያውን እግሩ ላይ ለቀቅሁበት። ለአንድ ሳምንት ከሥራ ታገድኩ። ይቅርታ በል ቢሉኝም አላልኩም፤ ወላሂ ዛሬም አልልም።

በክረምቱ ሳል ያዘው። ሳሉ ወደ ደረት ወረደ። መስከረም ሲጠባ ሞተ፣ አላህ ይማረው። እኔና ልብስ ሰፊው እስላሞች ስለሆንን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመን ሸኘነው። ከሬሳው ኋላ የአጋሮም የሊሙም ሰው ነበር። ያን ቀን ማን ይቅደም አልተባለም።

ሚስቱ በሸራው ላይ ሸራ ደርባ ፈረሶቹን ሸፈነቻቸው። ኀዘን ነው ብለን ጠበቅን። ሰማንያ ቀኑ እንደወጣ ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መቀሸሪያው ድረስ እየሮጠ መጣ።

"ሰማህ? ሞተር ልታስገባ ነው!"

"ማን?"

"ሚስትየዋ ናታ! ሰኮሩ ካለ ወፍጮ ቤት የተፈታ ሞተር አለ፤ በመኪና ይመጣል። በቅሎዋን ልታወጣት ነው።"

ደሜ ፈላ። ገና አፈሩ ሳይደርቅ! እሱ በእግሩ የዞረበትን ቦታ ቱግ ቱግ የሚል ብረት ሊዞርበት? ጭሱ ፈረሶቹን ሊያጠቁራቸው? "እሱ ቢኖር!" አልኩ። ልብስ ሰፊውም "እሱ ቢኖር!" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፋችን ላይ ያለው ይኼ ነው። እሱ ቢኖር እንዲህ አይደረግም። እሱ ቢኖር ይህን አይፈቅድም። እሱ በሕይወት ሳለ ራሱን ያን ያህል አላዋራነውም።

በቀደም የልጅ ልጄ በስልኩ የፈረንጅ አገር መጫወቻ ቦታ አሳየኝ። የከተማ ያህላል። ሰዉ የመሥራቹ ሐውልት ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። "አያቴ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር፣ መሥራቹ ቢኖር አይፈቅድም ነበር እያሉ ይጣላሉ" አለኝ። ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ልጁ ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም።

እኛም ሽማግሌ እንላክባት አልን። በኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ደጅህ ከቆመ፣ ተቀመጡ ብትለው አይቀመጥም፤ የመጣበት ሲፈጸምለት ነው የሚቀመጠው። ሳር ይዞ የቆመ ሽማግሌ የመለሰ ሰው ደግሞ ጎረቤት እሳት አያውሰውም። ስለዚህ እምቢ ማለት አትችልም፤ ይህን አውቀን ነው የሄድንበት። ቆዳ የሚነግዱትን ሐጂ ለመንናቸው። የሊሙ ሰው ናቸው፤ የሊሙን ፈረስ እሳቸውም ያውቁታል።

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። "ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፤ ደመኛ አስታርቄያለሁ። ለበቅሎ ሽምግልና ግን፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ሐጂ፣ ማሎ፣ እባክዎ! የከተማው ጉዳይ ነው" አልኳቸው።

እሑድ ረፋድ ላይ ሄድን። ሐጂ ከፊት ሳራቸውን ይዘው፣ ከኋላ እኔና ልብስ ሰፊው። ልብስ ሰፊው "በዚህ በገለባ ልብስህ ሽምግልና አትገባም" ብሎ የደንበኛውን አዲስ ኮት አለበሰኝ። ሴትየዋ ጥቁር ለብሳ፣ ደጃፏ ላይ እንጨት ትፈልጥ ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጣ "ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች።

"አንቀመጥም፣ ልጄ" አሉ ሐጂ። "ልመና ይዘን ነው የመጣነው።" ከዚያ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ። ይህ ቤት አባወራ እንደነበረው፣ አሁን አባወራው እንደጎደለ፣ የጎደለ ቤት ደግሞ ብዙ ነገር እንደሚገባበት ተናገሩ። ሐጂ ሲጀምሩ ወደ ነገሩ ቶሎ አይደርሱም። ሴትየዋ ሳሩን አየች። እኔን አየች። ኮቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ" አለች። "ይሄ ነው?"

"ዋናው እሱ ነው" አሉ ሐጂ በየዋህነት። "እንቅልፍ አጥቷል።"

"ሰማንያው በወጣ በሳምንቱ! አንተ፣ እኔ እናትህ አልሆንም? ኮቱንስ ከማን ተዋስክ፣ እጅጌው ክርንህ ላይ ቀርቷል!"

ያኔ ነው የገባኝ። ላብ አጠመቀኝ። "እትዬ፣ ኧረ ስለ በቅሎዋ ነው!"

"ስለ ምን?"

"ስለ በቅሎዋ። ሞተር እንዳታስገቢ ልንለምንሽ ነው።"

ዞራ ሐጂን አየች። ቀጥሎ ሳቀች። መጥረቢያውን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ጎረቤቶች ምን ሆነች ብለው ወጡ። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የሰማት ሰው አልነበረም። ሐጂም "አስተግፊሩላህ" እያሉ በሳራቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ሳቁ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች። "ሳር ይዛችሁ ቆማችኋል" አለች። "ብመልሳችሁ ነውሩ የኔ ነው። እሺ ካልኳችሁ ደግሞ ቦታው ይዘጋል፤ እንጨቱን ለማገዶ እሸጠዋለሁ። በቅሎዋን ማን ይያዝልኝ? እኔ?"

"እኔ እይዛታለሁ" አልኩ።

"ጆንያህስ?"

"እተወዋለሁ።"

"ስንት ሰው እንዲህ ብሏል መሰለህ! ሁለት ቀን ዞሮ፣ ራሱ ዞሮበት፣ ተፍቶ ይሄዳል።"

"እሱ ግን ለባዕድ አልሰጠም" አልኳት። "የእጁን ሥራ አክብሮ ነው።"

"የሚሰጠው ሰው አጥቶ ነው!" ድምፅዋ ከፍ አለ። "እናንተ ያያችሁት ፊቱን ነው። እኔ ማታ ማታ ጉልበቱን በጨው ውሃ ሳሽ ነው የኖርኩት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን፣ ሁልጊዜ አንዱ እግር ከውስጥ። ዳሌው ተጣሞ ነው የሞተው፣ ይህን አይታችኋል?"

አላየንም። ግን እኔ ቃሌን አልመለስኩም። "እሱ ቢኖር ሞተር አያስገባም ነበር፣ እትዬ።"

በእጇ ጠቅሳን ወደ ጓሮ መራችን። የሥራው መደብ እዚያ ነበር፤ መላጊያው፣ መጋዙ፣ ፍቅፋቂው ሳይጠረግ። ከጥጉ ላይ ጆንያ ገለጠች። የሰው ደረት የሚያህል ክብ እንጨት ነው፣ የሞተሩ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚጠመጠምበት፣ መካኒኮች ፑሌጃ የሚሉት። "ይህን ማን የሠራው ይመስልሃል? አዋቂ ነኝ ብለህ የለም?"

ተንበርክኬ በጣቴ ጠርዙን ዞርኩት። ዋንዛ ነው። ሰም ሸተተኝ። አውራ ጣቴ ሄዳ ሄዳ ቦታዋ ላይ አረፈች።

ቺንጋ አውራ ጣት የለውም። ያ እንጨት ከወለል በታች ገብቶ ማንም ልጅ የማይነካው ነው። ሰውየው ግን ለዚያም የአውራ ጣት ቦታ አድርጎለታል። ልብስ ሰፊው አየኝ፤ ፊቴን አይቶ እሱም ገባው። ሐጂ በቀስታ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ።

"አልጋ ላይ ሆኖ ነው ሰሙን ያሸው" አለች። "ሞተሩ ይግባ እንጂ፣ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ የሰኮሩ ፈረስ ላይ እወጣለሁ፣ አንቺን ከፊቴ አድርጌ ይለኝ ነበር። የተጋባነው ሰኮሩ ነው። ያን ሁሉ ፈረስ ሠርቶ አንድም ቀን አልተቀመጠበትም። ተቀምጦ አይታችሁት ታውቃላችሁ?"

ያን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች፣ የወራጁን ማቃሰት ከሩቅ የምንለይ፣ ተቀምጦ አላየነውም። እንዳልተቀመጠም ልብ አላልንም።

ሁሉም እኔን ጠበቁ። ተነሣሁ። "ሥራው የሱ ነው" አልኩ። "ግን ተሳስቷል።"

ልብስ ሰፊው በክርኑ ጎሸመኝ። ሴትየዋ ግን አልተቆጣችም። "ወይ አንተ ድርቅ! እሱም እንዳንተ ነበር" አለችና ሳሩን ከሐጂ እጅ ወሰደች። ሁለት እጇን ዘርግታ ይዛው ፊታችን ቆመች። "እንግዲህ ለማኟ እኔ ነኝ። ተቀመጡልኝ።"

ሐጂ ወዲያው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ፍቅፋቂው ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ። ከሳሩ ጫፍ ጤዛው ገና አልደረቀም። ከሜዳው በኩል የዘንጉ ድምፅ የለም፣ የልጅ ጩኸት የለም፤ ወንዙ ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ ነው ካሶኒ ሠሪው እንደሌለ የገባኝ። በቀብሩ ቀን አልገባኝም ነበር።

ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ባዶ ጆንያ ይዤ አዌቱ ወረድኩ። ለሞተሩ መሠረት ሲሚንቶ የሚቦካበት አሸዋ ያስፈልጋል። ውኃው ይቀዘቅዛል፤ እስከ ጉልበቴ ገብቼ አሸዋ ዛቅኩ፣ ሞላሁ፣ ተሸክሜ ወጣሁ። ጉድጓዱ ዳር ስዘረግፈው ነጠላዋን ተከናንባ ብቅ አለች።

"ማን ላከህ?"

"ማንም።"

"አሁንም ተሳስቷል ትላለህ?"

"አዎ" አልኳት፤ ጆንያውን አራግፌ ሁለተኛውን ላመጣ ወደ ወንዙ ወረድኩ።